የሳይንስና የኮዲንግ አስጠኚ ዋጋውን እንዴት ያውጣ? ከስሌቱ እስከ ክፍያው

ወላጅ ደውሎ "በወር ስንት ነው?" ይላል። አስጠኚው "እርስዎ እንዳዩት" ብሎ ይመልሳል። ወይም ጓደኛው የሚያስከፍለውን ሰምቶ ያንኑ ይደግማል። ሁለት ወር ሳይሞላ ታክሲው፣ የኢንተርኔት ፓኬጁና የዝግጅት ሰዓቱ ክፍያውን በልተው ይጨርሱታል። ልጁም ከፈተናው በፊት አስጠኚ አልባ ይቀራል። ጎበዝ የፊዚክስና የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) አስጠኚዎች ሥራውን የሚተዉት ማስተማር አቅቷቸው አይደለም። ዋጋቸውን ሳያሰሉ ስለሚጀምሩና ሲጠየቁ ይሉኝታ ስለሚይዛቸው ነው።

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ወይም በኢንተርኔት ለሚያስጠኑ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ ቁጥሮቹን ቀይራችሁ ተጠቀሙበት። እዚህ ያሉት የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ምሳሌዎች ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትውሰዷቸው። ደረጃ 2ን ሳትጨርሱ ግን ለማንም ዋጋ አትናገሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

ደብተርና ስክሪብቶ ያዙ። ያለፈውን ወር የታክሲ፣ የካርድና የኢንተርኔት፣ የፎቶ ኮፒ ወጪ በግምት ሳይሆን ከቴሌብርና ከባንክ መልእክቶቻችሁ አውጥታችሁ ጻፉ። አንድ ሳምንት ሙሉ ደግሞ ሰዓታችሁን መዝግቡ። ከቤት የወጣችሁበትን፣ የደረሳችሁበትን፣ የጨረሳችሁበትንና ቤት የተመለሳችሁበትን ሁሉ ጻፉ። ጥያቄ ስታወጡ ያመሻችሁበትንም አትርሱ። ብዙ ሰው ይህን ስለሚዘል ነው ስሌቱ የሚበላሽበት።

ደረጃ 1፦ የምታስጠኑትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ሳይንስ አስጠናለሁ" ለሚል ሰው ዋጋ ማውጣት አይቻልም። "የተፈጥሮ ሳይንስ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በፊዚክስና በሒሳብ አዘጋጃለሁ" ለሚለው ግን ይቻላል። እያንዳንዱን ሥራ ለየብቻ ጻፉ፦

1. የቤት ሥራ ማገዝና የክፍል ትምህርት መከለስ።
2. ለ8ኛ ወይም ለ12ኛ ክፍል ፈተና ማዘጋጀት።
3. የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ለአይጂሲኤስኢና ለኤ ሌቭል (የእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት ፈተናዎች) ወይም ለሳት (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ማዘጋጀት።
4. ለልጆች ስክራች (ብሎክ እየገጣጠሙ ኮድ የሚጻፍበት)፣ ከፍ ላሉት ፓይተን።
5. ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ ካልኩለስ።

የአምስቱ ዝግጅት አይመሳሰልም። ስለዚህ አንድ ዋጋ ለሁሉም አታድርጉ። የማታውቁትን መስመር ደግሞ ሰርዙ። የአገር ውስጡን ሥርዓተ ትምህርት ጠንቅቆ ያወቀ ሰው የአይጂሲኤስኢ የእርማት አሰራርን ያውቃል ማለት አይደለም። ሳያውቁ ገብተው ውድ ዋጋ መጠየቅ ልጁን ይጎዳል።

*ማስጠንቀቂያ፦* "የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ሥራልኝ፣ ስንት ትላለህ?" የሚል ተማሪ ይመጣል። ለዚህ ዋጋ አታውጡ። "ኮዱን ራስህ ጻፍ፣ የተበላሸበትን አብረን እንፈልግ፣ ለሰዓቱ ትከፍላለህ" በሉት። እምቢ ካለ ይሂድ።

ደረጃ 2፦ የወለል ዋጋችሁን አስሉ

የወለል ዋጋ ማለት ከዚያ በታች ከወረዳችሁ እየከሰራችሁ የምትሠሩበት ቁጥር ነው። ለወላጅ አይነገርም፤ ለራሳችሁ ነው። መገናኛ አካባቢ እየኖረች ሲኤምሲና አያት ያሉ ተማሪዎችን የምታስጠና አንዲት የፊዚክስ አስጠኚ እናስብ።

*ሀ. የዓመት ፍላጎት።* ለኑሮዋ በወር 15,000 ብር ያስፈልጋታል። በዓመት 180,000 ብር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ አብዛኛው ተማሪ ያቆማል። ስለዚህ ለ12 ሳይሆን ለ10 ታካፍላለች። በወር 18,000 ብር ሆነ። ከሁሉ የሚረሳው ይህ ነው፤ ክረምት ሲገባ ብድር የሚጀመረውም ከዚህ የተነሳ ነው።

*ለ. የሥራ ወጪ።* በወር 40 ክፍለ ጊዜ አላት። ለአንዱ ታክሲ ደርሶ መልስ 60 ብር ብንል 2,400 ብር ይሆናል። ኢንተርኔትና ስልክ 1,000 ብር፣ ኮፒና ማርከር 600 ብር። ላፕቶፗ 54,000 ብር ቢያወጣና ሦስት ዓመት ቢያገለግላት፣ በ30 የሥራ ወራት ሲካፈል በወር 1,800 ብር ነው። ጠቅላላ 5,800 ብር። ላፕቶፑ ከዘመድ የተሰጣት ቢሆንም ይህን አትዝለል። ሲበላሽ የምትገዛው ራሷ ናት።

*ሐ. በእርግጥ የሚከፈልባቸው ክፍለ ጊዜዎች።* ከ40ው በበዓል፣ በትምህርት ቤት ፈተና፣ በሕመምና በመብራት መጥፋት ጥቂቱ ይቀራል። 36 ትላለች።

*መ. ማካፈል።* 18,000 ሲደመር 5,800 እኩል ይሆናል 23,800። ይህ ለ36 ሲካፈል 661 ብር ገደማ ነው። ወደ ላይ አጠጋግታ 670 ብር ትላለች። ይህ ለአንድ የሰዓት ተኩል ክፍለ ጊዜ ዝቅተኛው ዋጋዋ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው 15,000ን ለ40 ብቻ ብታካፍል ኖሮ 375 ብር ትጠራ ነበር። ወላጁ ሳይከራከር ይስማማል። እሷ ግን ከሚያስፈልጋት ግማሽ በሚጠጋው ጎድላ ትጀምራለች፣ ምክንያቱንም አታውቀውም።

*ሠ. የእውነተኛ ሰዓት ፍተሻ።* ማስተማር 1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ 1 ሰዓት፣ ዝግጅት 40 ደቂቃ፣ እርማትና ለወላጅ መልእክት 20 ደቂቃ። ድምሩ 3 ሰዓት ተኩል ነው። በ40 ክፍለ ጊዜ ሲባዛ 140 ሰዓት ይሆናል። ቀን መደበኛ ሥራ ያለው ሰው ይህን ሊሸከም አይችልም። የእናንተ አቅም 20 ክፍለ ጊዜ ከሆነ 20 ጻፉ። ከማስጠናት የምትጠብቁትንም ገቢ በዚያው ልክ ቀንሱ። ክፍለ ጊዜውን ቀንሶ የገቢውን ግብ እንዳለ መተው ዋጋውን ገበያ ወደማይቀበለው ቁጥር ይወስደዋል።

*ረ. የአንድ የሥራ ሰዓት ዋጋ።* ከ23,800 ላይ ታክሲውን አውጡ፤ 21,400 ይቀራል። ለ36፣ ቀጥሎ ለ3.5 አካፍሉ። 170 ብር ገደማ ነው። ይህችን ቁጥር ክበቧት፤ በሚቀጥለው ደረጃ ትፈለጋለች።

*ቁጥሩ ከገበያው በላይ ሆኖ ካገኛችሁትስ?* ዋጋውን አትቁረጡ፤ መጀመሪያ መንገዱን ቁረጡ። ተማሪዎቻችሁ በአንድ ሰፈር፣ ቢቻል በአንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት ይሁኑ። በአንድ ጉዞ ሁለት ተማሪ ማስጠናት ብቻውን ወለሉን በደንብ ዝቅ ያደርገዋል። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ያለውን ተማሪ ትታችሁ ሰፈራችሁ ያለውን መያዝ ያዋጣችኋል።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ሥራ ዋጋውን ለይታችሁ አውጡ

ወለሉ ላይ በስሜት አትጨምሩ። የሚጨምረውን ሰዓት በ170 ብር አባዙ።

ለኤ ሌቭል ፊዚክስ የቆዩ ፈተናዎችን ከነእርማት መመሪያቸው መሥራት ይጠይቃል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ 1 ሰዓት ተጨማሪ ዝግጅት ካለው ወለሉ 670 ሲደመር 170፣ ማለትም 840 ብር ሆነ። በኢንተርኔት ከሆነ በተቃራኒው የ1 ሰዓት መንገድና ታክሲው ይቀራሉ። ወለሉ 440 ብር አካባቢ ይወርዳል። ይህ ማለት ግን 440 ጠይቁ ማለት አይደለም። የምትተርፋችሁን ሰዓት ለተማሪው ጥያቄ ማዘጋጃ አድርጓትና ከወለሉ ከፍ ያለ ዋጋ ተናገሩ።

ከዚህ በላይ የሚጨመረው የልዩ ችሎታ ዋጋ ነው። እኔ ሦስት ነገር ብቻ እቆጥራለሁ፦ በሰፈሩ ያንን የሚያስተምር ሌላ ሰው ማግኘት መቸገሩን፣ የምታሳዩት የተማሪ ሥራ ወይም ለውጥ መኖሩን፣ ጊዜው የፈተና ዋዜማ መሆኑን። ዲግሪ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። ወላጅ የሚከፍለው ልጁ ጥያቄውን ብቻውን ሲፈታ ስላየ ነው።

*ለኮዲንግ ልዩ ጥንቃቄ።* ኮዲንግን በክፍለ ጊዜ ሳይሆን በፕሮጀክት ጥቅል ሽጡ። ለምሳሌ በ16 ክፍለ ጊዜ ልጁ ራሱ የጻፈው አንድ ጨዋታ በስክራች፣ ወይም የሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም በፓይተን። የሚደረስበትን በግልጽ ጻፉ። ካልጻፋችሁ በመሀል "ዌብሳይትም ይጨመርለት" ይመጣል። መልሱ "ደስ ይለኛል፣ እሱ ቀጣዩ ጥቅል ነው" ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሶፍትዌር በመጫን ያልቃል። ስለዚህ ከክፍያው አታውጡት። የፓይተንንና የስክራችን መጫኛ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ከተጫኑም በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ተማሪው ስልክ ብቻ ካለው ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት እወቁት። በስልክ ፓይተን መጀመር ይቻላል፣ ግን አዝጋሚ ነው። ላፕቶፓችሁን የምታካፍሉት ከሆነ ጥቅሉ ይረዝማል።

"መንግሥት በነፃ እያስተማረ አይደል?" የሚል ወላጅም ይገጥማችኋል። እውነቱን ነው። ከ2016 ክረምት ጀምሮ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ኮርሶች በነፃ ይሰጣሉ። አታጣጥሉት፤ ልጁ እንዲመዘገብ አበረታቱት። የእናንተ ሥራ ልጁ የጻፈውን ኮድ መስመር በመስመር ማየትና የተሳሳተበትን ራሱ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። የምትጠይቁትም ለዚህ ነው።

*ለቡድን።* ሦስት ተማሪ ሲሆን የእያንዳንዱ ክፍያ ከግል ዋጋው 60 በመቶ ገደማ ይሁን። በ670 ሲሰላ 400 ብር ለአንድ፣ 1,200 ብር ለክፍለ ጊዜው ነው። ከሦስት አትለፉ። እርማቱ በሦስት ይባዛል። ደግሞ በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች በአንድ ደረጃ ላይ አሉ ማለት አይደለም። አንዱ በአልጀብራ ወደ ኋላ ከቀረ ቡድኑ ይፈርሳል።

ደረጃ 4፦ "በወር" አትበሉ

የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ አራት ሳምንትና ሁለት ቀን። ቅዳሜና እሁድ የምታስጠኑ ከሆነ አንዳንዱ ወር 8፣ አንዳንዱ 9፣ ቅዳሜ የባተ ወር ደግሞ 10 ክፍለ ጊዜ አለው። በወር 5,360 ብር ተስማምታችሁ 10 ጊዜ ከሄዳችሁ 1,340 ብር በነፃ ሠራችሁ። በተቃራኒው በበዓል ሲቀር ወላጁ የተጎዳ ይመስለዋል።

ስለዚህ በ8 ክፍለ ጊዜ ጥቅል ተስማሙ። 8 ሲያልቅ አዲስ ጥቅል ይጀመራል፤ ወሩ የትም ይድረስ። በ670 ሒሳብ 5,360 ብር ነው። ክፍያው ጥቅሉ ከመጀመሩ በፊት ይሁን።

ወላጁ ደመወዝተኛ ሆኖ በወሩ መጨረሻ ብቻ እንደሚከፍል ከነገራችሁ ጥቅሉን በሁለት ክፈሉለት፦ አራቱን ክፍለ ጊዜ አስቀድሞ፣ አራቱን ደመወዝ ሲገባ። ከአራት በላይ ያልተከፈለበት ክፍለ ጊዜ አታጠራቅሙ። ዕዳ ሲበዛ ወላጅ ስልክ ማንሳት ያፍራል፤ የሚጎዳው ልጁ ነው።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ መዝኑ፣ ከዚያ ዋጋውን ንገሩ

ልጁን ሳታዩ የመጨረሻ ዋጋ አትስጡ። የ40 ደቂቃ ምዘና ያዙ። ለ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ከሆነ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ሁለት ሁለት ጥያቄ፣ ከቬክተር አንድ፣ ቀላል የአልጀብራ ማስተካከያ አንድ ስጡት። የፊዚክስ ችግር የሚመስለው ብዙ ጊዜ የሒሳብ ችግር ነው። ለኮዲንግ አጭር ኮድ በወረቀት ስጡትና "ምን ያወጣል?" ብላችሁ ጠይቁት።

ምዘናው በነፃ ይሁን አይሁን አስጠኚዎች ይከራከሩበታል። እኔ በግማሽ ዋጋ ይሁን፣ ከቀጠሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ጥቅል ላይ ይቀነስ እላለሁ። ሥራ ነው፣ ውጤቱም ለወላጁ ይጠቅማል፤ ከእናንተ ጋር ባይቀጥልም እንኳ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ውጤት ዋስትና አትስጡ። "ካላለፈ ገንዘቡ ይመለሳል" አትበሉ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ወላጅ የሚጨነቀው በምክንያት ነው። በጭንቀቱ ላይ ዋጋ አትገንቡ። ቃል የምትገቡት የምትቆጣጠሩትን ነው፦ ስንት ምዕራፍ እንደሚሸፈን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚፈተን፣ ውጤቱ መቼ እንደሚነገራቸው።

ደረጃ 6፦ ዋጋውን ተናገሩና ዝም በሉ

ቁጥሩን መጀመሪያ የምትናገሩት እናንተ ሁኑ። እንዲህ በሉ፦

"ልጅዎን አይቼዋለሁ። ቬክተርና የኒውተን ሕጎች ላይ ክፍተት አለበት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በ16 ክፍለ ጊዜ እንሸፍነዋለን። አንዱ ክፍለ ጊዜ 750 ብር ነው። የ8 ጥቅል 6,000 ብር፣ ክፍያው አስቀድሞ ነው።"

ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። "ግን ካልተመቸዎት..." ብላችሁ አትቀጥሉ። ወላጁ ሳይጠይቅ ቅናሽ የሚያደርገው አስጠኚው ራሱ ነው። 750 ያልነው ወለሉ 670 ስለሆነ ነው፤ ለድርድር ቦታ ይኑራችሁ።

"ቲቸር፣ ትንሽ ቀንስልን እንጂ" ሲባል ገንዘቡን ብቻ አትቀንሱ፤ ሥራውንም ቀንሱ። "ክፍለ ጊዜውን አንድ ሰዓት እናድርገው"፣ "በሳምንት አንዱን ቀን በኢንተርኔት እናድርገው"፣ "የጎረቤት ልጅ ይጨመርና በቡድን ይሁን"። ሁለት ጥቅል በአንዴ ለከፈለ ትንሽ መቀነስ ይቻላል፣ ከወለሉ ሳትወርዱ።

"የጎረቤታችንን ልጅ የሚያስጠናው በ300 ብር ነው" ካሉ ያንን ሰው አትንቀፉ። "ለቤት ሥራ ማገዣ ተገቢ ዋጋ ሊሆን ይችላል። የእኔ ለፈተና ዝግጅት ነው፣ የምዘናው ወረቀት ይኸው" በሉ። ካልተስማሙ አመስግናችሁ ተሰናበቱ። ብዙዎቹ ከግማሽ ዓመት ፈተና በኋላ ይደውላሉ።

*ዘመድ ሲሆን።* በጣም ከባዱ ይህ ነው። ሁለት ምርጫ ብቻ ይኑራችሁ፦ ሙሉ ዋጋ፣ ወይም ጨርሶ በነፃ። በነፃ ከሆነ ማብቂያውን አስቀምጡ፤ "እስከ ጥር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ" በሉ። "የዘመድ ዋጋ" የሚባለው መሀል ላይ ያለው ቁጥር ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል።

*በደላላ ወይም በአገናኝ ድርጅት የመጣ ተማሪ።* ኮሚሽኑ የአንድ ጊዜ ነው ወይስ የየወሩ? ሳትጠይቁ አትሂዱ። ከመጀመሪያው 5,360 ብር ግማሹን ቢወስዱ 2,680 ብር ነው። ተማሪው 16 ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢማር ለእያንዳንዱ 168 ብር ገደማ ከእናንተ ሄደ። 64 ቢማር 42 ብር ብቻ። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ተማሪ በደላላ አትግቡ። የየወሩ ከሆነ ወለሉን ከነኮሚሽኑ እንደገና አስሉ።

ደረጃ 7፦ በቴሌግራም ጻፉት

ውል የሚለው ቃል ሰው ያስደነግጣል። አንድ መልእክት ይበቃል። እነዚህ ይኑሩበት፦ ትምህርቱና ክፍሉ፣ ቀንና ሰዓት፣ የክፍለ ጊዜው ርዝመት፣ የጥቅሉ ዋጋና የመክፈያ ቀን፣ የስረዛ ደንብ። ወላጁ "እሺ" ብሎ እስኪመልስ አትጀምሩ።

የስረዛ ደንቡ እንዲህ ይሁን። ከአንድ ቀን በፊት ከተነገረ ይተካል። ከዚያ ካነሰ ግማሽ ይቆጠራል። በር ላይ ደርሳችሁ ተማሪው ከሌለ ሙሉ ይቆጠራል። እናንተ ከቀራችሁ ትተካላችሁ፣ ያለ ክርክር። በኢንተርኔት ሲሆን መስመሩ ከ20 ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ከተቋረጠ መጨረሻ ላይ ይካካሳል፤ ከበለጠ ክፍለ ጊዜው ወደ ሌላ ቀን ይሄዳል። ቤት ውስጥ መብራት ከጠፋ ኮዲንግ አይቆምም፤ ኮድ በወረቀት የመከተል ልምምድ ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

የተማሪ ዝርዝር ገጽ ያዙ፦ ቀን፣ የተማረው ርዕስ፣ የቀረ ክፍለ ጊዜ። 6ኛው ሲያልቅ "ሁለት ቀርቶናል" ብላችሁ ለወላጁ ላኩ። ገንዘብ መጠየቅ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ይህ መልእክት ሥራውን ይሠራላችኋል። ሥራው ቋሚ ከሆነ ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ምዝገባ ጉዳይን ወረዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ድርጅትና ትምህርት ቤት ደረሰኝ ይፈልጋሉ።

ደረጃ 8፦ ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች

ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ቤተሰብ ልጁን በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚያስረዳለት የሒሳብ ወይም የፓይተን አስጠኚ ሲፈልግ መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ። ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። በእነሱ በሥራ ቀን ከትምህርት በኋላ ማለት ለእኛ እኩለ ሌሊት ነው። ቅዳሜ በእኛ ምሽት 12 ሰዓት ግን በእነሱ ረፋድ ነው። ቅዳሜና እሁድን አቅርቡ። የሌሊት ሰዓት ካሉ ተጨማሪ ክፍያ ይኑረው፤ ማግሥቱ እንደሚበላሽባችሁ አስቡ። ለዱባይ ልዩነቱ 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሪያድ ከእኛ እኩል ነው። አሜሪካና አውሮፓ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ስለሚቀይሩ ቀጠሮውን በሁለቱም አገር ሰዓት ጻፉ።

ዋጋውን በዶላር ወይም በሚከፍሉበት ገንዘብ ቁረጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በብር ለዓመት መስማማት ለሁለቱም አይመችም። ገንዘቡ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ይግባ። የመላኪያ ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክፍያው እንዳይቆራረጥ ጥቅሉን 16 አድርጉት። የልጁ ትምህርት ቤት የሚጠቀምበትን መጽሐፍ ጠይቁ፤ የእኛን ምዕራፍ ቅደም ተከተል ይዛችሁ አትግቡ።

ደረጃ 9፦ ዋጋ መጨመር

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ሳይገባና በግማሽ ዓመቱ እረፍት፣ ደረጃ 2ን እንደገና ሥሩ። ታክሲና ፓኬጅ ከጨመሩ ወለሉ ጨምሯል። ለአዳዲስ ተማሪዎች ወዲያው አዲሱን ዋጋ ተናገሩ። ለነባሮቹ አንድ ሙሉ ጥቅል አስቀድማችሁ አሳውቁ፦

"ከሚቀጥለው ጥቅል በኋላ ክፍለ ጊዜው 820 ብር ይሆናል። የአሁኑና ቀጣዩ ጥቅል በነበረበት ዋጋ ይቀጥላሉ።"

ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው አትጨምሩ። ቤተሰቡ ሌላ አስጠኚ የመፈለጊያ ጊዜ የለውም፤ እንዲህ ያለውን ጊዜ መጠቀም ነውር ነው።

መክፈል አንችልም ካሉ በቀጥታ አታቋርጡ። የቀረውን ጥቅል ጨርሱ። ወደ ቡድን ማዛወር ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ማድረግ እንደሚቻል ንገሯቸው። ይህም ካልሆነ የተማረውን፣ የቀረውንና የሚደክምበትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለወላጁ ስጡ፤ ቀጣዩ አስጠኚ ከዚያ ይቀጥላል።